አሮጌዋ ዲኤክስ በአሶሳ፦ የትኛው ወጪ ይመለሳል?

አሮጌ መኪና ገንዘብ ይበላል ይባላል። አባባሉ ሐሰት ባይሆንም ጥፋቱ ሁሉ የዕድሜ አይደለም። ብዙውን ጊዜ ኪስ የሚያራቁተው ቅደም ተከተሉን ያልጠበቀ ወጪ ነው። ቸርኬና ማርሚታ ቀድመው ፍሬንና ራዲያተር ወረፋ ሲጠብቁ ባለንብረቱ ሁለት ጊዜ ይከፍላል። አንዴ ለጋራዥ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ መኪናዋን ሲሸጥ ከዋጋዋ ላይ በሚቆረጥበት።

ነገሩ ከአዲስ አበባ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ በምትገኘው አሶሳ ይበልጥ ይከብዳል። የጠፋ ዕቃ ከአዲስ አበባ፣ ለአሮጌ መለዋወጫ ስሙ ቀድሞ ከሚነሳው ከመርካቶው ሱማሌ ተራ ጭምር፣ ተፈልጎ እስኪመጣ ድረስ መኪናዋ ቆማ ትውላለች። ለነጋዴ የቆመ መኪና የቆመ ሥራ ነው።

አሮጌው ለምን ተወደደ?

ሦስት ነገሮች ተደራርበዋል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። ከሰባት ዓመት በላይ ያገለገለና የሞተሩ መጠን ከ1,800 ሲሲ የበለጠ የቤት መኪና እስከ 500 በመቶ ኤክሳይዝ ተመደበበት። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በስተቀር የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቀ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲመራ ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ ሲመነዘር የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ።

ተተኪው ሲጠፋ በእጅ ያለው ይከበራል። ሆኖም መለዋወጫውም የሚመጣው በዚያው ዶላር ነው። ስለዚህ የአሮጌ መኪና ዋጋ ሲያድግ አለአግባብ የመነካካት ኪሣራም አብሮ ያድጋል።

ከአዲስ አበባ የመጣች መኪና በአሶሳ ለምን ትግላለች?

ኬኢ70 በሚባለው መለያ የምትታወቀው ኮሮላ ዲኤክስ እንደ ምሳሌ ትወሰድ። የኋላ ጎማዋ ይገፋል፣ 4ኬ የተባለው ሞተሯ 1,290 ሲሲ ነው፣ ቤንዚኗን የምታገኘው በካርቡራተር ነው። ኮምፒዩተር ስለሌላት የአየሩን ለውጥ ራሷ አታስተካክልም፤ የሚያስተካክልላት ሰው ነው።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ስትሆን አሶሳ ወደ 1,570 ሜትር ገደማ ናት። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ ከፍታ አንድ በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ይህም ማለት ያው ሞተር አሶሳ ሲወርድ ስምንት በመቶ ያህል ጉልበት በነፃ ያገኛል ማለት ነው። ችግሩ የአዲስ አበባው ሜካኒክ ካርቡራተሩን ለሳሳው የደጋ አየር ማስተካከሉ ነው። አሶሳ ላይ አየሩ ሲወፍር ቤንዚኑ ያንሳል፤ ድብልቁ ይሳሳል፣ ሞተሩ ይግላል፣ ዳገት ላይ ያንኳኳል። ወደ ኩርሙክ ቆላ ሲወረድ ደግሞ ይብስበታል።

ምርመራው ቀላል ነው። ጥቂት ከተነዳ በኋላ ካንዴላው ይፈታል። ጫፉ ነጭ ከሆነ ቤንዚን አንሷል፣ ጥቁር ጥላሸት ከያዘ በዝቷል፣ ቀለል ያለ ቡና ዓይነት ከሆነ ደህና ነው። ካነሰ በካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚያልፍበት ባለቀዳዳ ቁራጭ በአንድ ደረጃ ሰፋ ባለው ይቀየራል፤ የሚያንኳኳ ከሆነም የዲስትሪቢዩተሩ ጊዜ ትንሽ ወደኋላ ይመለሳል። ይህ ከአንድ ጥሩ ሜካኒክ የግማሽ ቀን ሥራ የማይበልጥ ሲሆን፣ ብዙ ገንዘብ ከፈሰሰበት ማርሚታ የተሻለ ጉልበት ይሰጣል።

ትንሹ ክዳን

ውኃ አዲስ አበባ ላይ በ92፣ አሶሳ ላይ በ95 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ራዲያተሩ ከዚያ በላይ ሙቀት እንዲችል የሚያደርገው ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ነው። ጤነኛ ክዳን የመፍያውን ነጥብ በ20 ዲግሪ ያህል ከፍ ያደርገዋል። ሞላው የደከመ ክዳን ግን ውኃውን በ95 ዲግሪ ያስፈላዋል፤ ቀጥሎ ጓርኒሲዮን ይቃጠላል፣ ቴስታታ ይጣመማል። በመኪናዋ ላይ ካሉት ርካሽ ዕቃዎች አንዱ ውዱን ይገድላል። ከመንገድ ዳር የተቀዳ ውኃም ዝቃጩን በራዲያተሩ ቱቦዎች ውስጥ ይተዋል፤ የተጣራ ውኃና ኩላንት ይሻላል።

ጉልበት ለመጨመር ከመሯሯጥ በፊት

መኪና ወዳድ ወጣቶች ዲኤክስን የሚወዱበት ምክንያት አላቸው። ቀላል ናት፣ የኋላ ጎማዋ ይገፋል፣ በዓለም ዙሪያ በስፖርት መኪና ወዳዶች የምትፈለገው ኤኢ86 ኮሮላ የቅርብ ዘመዷ ናት። የዚያችን 1,587 ሲሲ 4ኤ-ጂኢ ሞተር ወደ ዲኤክስ ማዛወር የብዙዎች ሕልም ነው። የጃፓኑ ዓይነት 130 የፈረስ ጉልበት ሲኖረው የ4ኬው ከ75 አያልፍም። ነገር ግን ጉልበቱ ሲጨምር ፍሬኑ፣ ፍሪሲዮኑና ራዲያተሩ አብረው ካላደጉ መኪናዋ ፈጠነች እንጂ አልተሻሻለችም።

ከነቀምቴ ወደ ዴዴሳ ሸለቆ የወረደ ሁሉ ይህን ያውቃል። ያረጀ የፍሬን ዘይት እርጥበት ስለሚስብ ረጅም ቁልቁለት ላይ ይፈላና ፔዳሉ ወለል ይነካል። በየሁለት ዓመቱ መቀየር ይገባዋል።

በአሶሳ ዙሪያ ሁለት ማሻሻያዎች በተለይ አያዋጡም። አንደኛው ሞላ ቆርጦ መኪናዋን ዝቅ ማድረግ ነው፤ ጠጠር መንገድ ላይ የሞተሩ ኮፓ ድንጋይ ያገኘዋል። ሁለተኛው ቤቱን አውልቆ ክፍት የአየር ፊልትሮ መግጠም ነው፤ ቀዩ አቧራ ሰተት ብሎ ገብቶ ፋሻና ሲሊንደር ይበላል።

የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊም ያስተማረው ይህንኑ ነው። ቮልስ በ1954፣ በ1957 እና በ1962፣ ፔጆ 404 ደግሞ በ1963 እና ከ1966 እስከ 1968 በተከታታይ (ሁሉም እ.ኤ.አ.) አሸንፈዋል። ሁለቱም የጉልበት ንጉሥ አልነበሩም፤ መንገዱን ችለው ጨረሱ እንጂ።

ሊብሬው ምን ይላል?

ገዢና ደላላ ከቀለሙ በፊት ሊብሬውን ይገልጣሉ። የሞተርና የሻንሲ ቁጥር እዚያ ላይ ሰፍሯል። ሞተሩ ተቀይሮ ማስረጃው ቀርቦ ካልተመዘገበ ስም ማዛወሩ ይቆማል፤ የዓመቱ ቦሎም ጥያቄ ያስነሳል። እንዲህ ያለች መኪና ብትበርም በገበያ ላይ እንደ መለዋወጫ ክምር ትቆጠራለች።

ስለዚህ ሞተር የሚቀይር ሰው የተገዛበትን ሰነድ አስቀድሞ ይያዝ፤ የወለቀውንም ዕቃ አይጣል። ኦሪጅናል ካርቡራተር፣ ቸርኬና መሪ በካርቶን ተቀምጠው ከመኪናዋ ጋር ሲቀርቡ ገዢው የሚከራከርበት ነጥብ ያንሳል። ገዢ በበኩሉ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ እንዲነሳ ይጠይቅ። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየነደደ መሆኑን፣ የማያቋርጥ ነጭ ጭስ ውኃ ወደ ሲሊንደር መግባቱን፣ ጥቁር ጭስ ቤንዚን መብዛቱን ይናገራል። የሞቀ ሞተር ይዞ የሚጠብቅ ሻጭ የሚደብቀው ሊኖር ይችላል።

የወጪው ቅደም ተከተል እንግዲህ ይህ ነው፦ በመጀመሪያ የሚያቆማት፣ ቀጥሎ የሚያቀዘቅዛት፣ ከዚያ ለአገሩ አየር የሚያስማማት፣ በመጨረሻ የሚያስጌጣት። በዚህ ተራ የወጣ ብር ከሞላ ጎደል በመኪናዋ ዋጋ ውስጥ ይቀመጣል። ከመጨረሻው የጀመረ ግን ጌጡን ለገዢው በነፃ ይመርቃል።