የተወካይ ፊርማ፦ በዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሥልጣን እንዴት ይወከላል?



እዚህ ፀዳ ግቢ ለሚሠራ ሰው የዛሬው ርእስ እንግዳ አይደለም። የፕሬዚዳንቱ ጽሕፈት ቤት ጎንደር ከተማ ነው፤ እያንዳንዱ ወረቀት እዚያ ሄዶ ይፈረም ቢባል የሥራ ቀናችን በመንገድ ያልቅ ነበር። ውክልና የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። ሆኖም ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ስም ስለምንጠራ ብዙ ጊዜ እንሳሳታለን።

አንደኛው ሕግ በቀጥታ ለአንድ አካል የሰጠው ሥልጣን ነው። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 ለቦርዱ፣ ለፕሬዚዳንቱ፣ ለሴኔቱና ለአካዳሚክ ክፍሎች ጉባኤዎች የየራሳቸውን ድርሻ ይሰጣል። የትምህርት ፕሮግራም ማጽደቅ የሴኔቱ ነው። ሴኔቱ ይህን ያገኘው ከፕሬዚዳንቱ ቸርነት ስላልሆነ፣ ፕሬዚዳንቱ ሰብሳቢ ቢሆኑም ይህንኑ ሥልጣን ለምክትላቸው በደብዳቤ ሊያስተላልፉ አይችሉም።

ሁለተኛው እውነተኛው ውክልና ነው፤ ኃላፊው የራሱን ሥልጣን ለሌላ ሰው ለጊዜው ሲሰጥ ማለት ነው። ዲኑ ለስብሰባ አዲስ አበባ ሲሄዱ ለአንድ ባልደረባ የሚጽፉት ደብዳቤ የታወቀ ምሳሌ ነው። ደብዳቤው አብዛኛውን ጊዜ «እስክመለስ ድረስ ሥራውን እንዲሸፍኑ» ይልና ያበቃል። መሸፈን ገንዘብ ማዘዝን ይጨምራል? የቅጥር ውል መፈረምን? ለፋይናንስና ለሬጅስትራር በግልባጭ ካልደረሰ ደግሞ ተወካዩ የፈረመው ወረቀት ከመስኮቱ ይመለሳል።

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ውክልና የሚደነግገው በዋናነት ለግል ግንኙነቶች ነው። ቢሆንም ሁለት ሐሳቦቹ ለእኛ ይጠቅማሉ። በጠቅላላ አነጋገር የተሰጠ ውክልና ከተራ የአስተዳደር ሥራ አያልፍም፤ ተወካዩም ካልተፈቀደለት በቀር በራሱ ምትክ ሌላ ሰው አይተካም። በቢሮዎቻችን ግን የተወካይ ተወካይ ሲፈርም ማየት ብርቅ አይደለም።

ከዓመታት በፊት በሌላ ተቋም ሳስተምር፣ አንድ ተወካይ የትምህርት ክፍል ኃላፊ የአንዲት የማስተርስ ተማሪን ፈታኞች ጉባኤ ሳይጠራ ብቻውን ሰየመ። ተማሪዋ ጽሑፏን አቀረበች፤ አለፈችም። ውጤቱ ሬጅስትራር ሲደርስ ቃለ ጉባኤ ተጠየቀ፤ አልነበረም። ሂደቱ እንደገና ሲጀመር ተማሪዋ ከጓደኞቿ ጋር ሳትመረቅ ቀረች። ተወካዩ ክፉ ሰው አልነበረም፤ የቸኮለውም ለእርሷ ብሎ ነው። ነገር ግን ዋናው ኃላፊ በቦታው ቢኖር እንኳ ያን ውሳኔ ብቻውን መወሰን አይችልም ነበር፤ ወካዩ የሌለውን ሥልጣን ተወካዩ ከየት ያመጣዋል? የጉባኤው አባል የነበርሁት እኔም «ተወካዩ ፈርሟል» ሲባል በቂ መስሎኝ ዝም አልሁ።

ሌላም አለ። የወከለ ሰው ከተጠያቂነት አይወጣም። ዲኑ ሲመለሱ በስማቸው የተወሰነውን መመርመር ግዴታቸው ነው፤ «እኔ አልነበርሁም» ማለት መልስ አይሆንም።

የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲ አዋጅ ቁጥር 1294/2015 ከወጣ ወዲህ ይህ ጉዳይ ይበልጥ አሳሳቢ ሆኗል። በሚኒስቴር ይወሰን የነበረው ወደ ዩኒቨርሲቲ ይወርዳል፤ ከዚያ ወደ ትምህርት ክፍል የሚወርደው ምን ያህል እንደሆነ ግን በየተቋሙ የውስጥ ደንብ የሚለይ ነው።

በጥያቄው ሰዓት፣ የውክልና ደብዳቤ በእጃችሁ ያለ ኃላፊዎች ፈቃዳችሁ ከሆነ አንድ ሁለቱን አብረን እናነባለን።