በልኩ የማይገጥም የፍሬን ክፍል፦ መንስኤውና ትክክለኛው መፍትሔ

ተሽከርካሪ ከተለያዩ ክፍሎች ሲገጣጠምም ሆነ ያረጀ የፍሬን ክፍል በአዲስ ሲተካ፣ ዕቃው በቦታው አልገባ የሚልበት ጊዜ አለ። በዚህን ጊዜ በሞረድ መሞረድ፣ በመዶሻ መምታት ወይም ሮንዴላ መደረብ ፈጣን መፍትሔ ይመስላል። ይሁን እንጂ በኃይል የተገጠመ ፍሬን ጉድለቱ ከጋራዥ ወደ መንገድ ይሸጋገራል እንጂ አይወገድም። ስለሆነም ቀዳሚው ተግባር ክፍሉ ያልገጠመበትን ምክንያት መለየት ነው። ምክንያቱም በአብዛኛው ዝገትና ቆሻሻ፣ የማስተካከል ጉድለት ወይም የዕቃው ዓይነት መሳሳት ነው።

ዝገትና ቆሻሻ

የፍሬን ዲስክ በሞዞው ላይ ሲቀመጥ በመካከላቸው ዝገት ወይም የቀለም ቅሪት ካለ ዲስኩ እየተዛነፈ ይሽከረከራል። ከ0.1 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ መዛነፍ እንኳ ፍሬን ሲያዝ በመሪና በፔዳል ላይ ንዝረት ሊፈጥር ይችላል። ስለዚህ የሞዞውን ፊት በሽቦ ብሩሽ አጽድቶ ዳዶዎቹን በመስቀለኛ ቅደም ተከተል እኩል ማጥበቅ ያስፈልጋል። ሸራው በመያዣው ውስጥ ሲጠብም መጽዳት ያለበት መያዣው ነው። ሸራው በነጻነት ካልተንሸራተተ ፔዳሉ ከተለቀቀ በኋላም ዲስኩን እየታከከ ይቀራል።

የማስተካከል ጉድለት

ታምቡር በአዲስ ሸራ ላይ አልገባ ሲል የሸራው ማስተካከያ አስቀድሞ መላላቱን፣ የእጅ ፍሬን ገመድም አለመወጠሩን ማረጋገጥ ይገባል። ታምቡሩን በመዶሻ ማስገባት ሊሰነጥቀው ይችላል። ከዚህ በኋላም ካልገባ የታምቡሩና የሸራው ልክ ተለክቶ ከአምራቹ መግለጫ ጋር ሊነጻጸር ይገባል።

የዕቃው ዓይነት መሳሳት

ከተለያዩ አምራቾች የተገኙ ክፍሎች በአንድ ተሽከርካሪ ላይ ሲገናኙ የቱቦ ማያያዣዎች ልዩ ጥንቃቄ ይሻሉ። ባለ 10 ሚሊ ሜትር ማያያዣ ከባለ 3/8 ኢንች ጋር በዓይን ይመሳሰላል፤ የስፋት ልዩነታቸው ከግማሽ ሚሊ ሜትር በታች ነው። አንዱ በሌላው ቦታ ጥቂት ጥርስ ይዞ የጠበቀ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ፔዳሉ በኃይል ሲረገጥ በሚፈጠረው ግፊት ሊለቅ ይችላል። ማያያዣው በእጅ ብዙ ዙር በቀላሉ ካልገባ ወይም ከተወዛወዘ ትክክለኛው አይደለም። የሚያፈስ ማያያዣንም በፕላስተር መጠቅለል መፍትሔ አይሆንም።

አደጋው ለምን ይከብዳል?

የሚታከክ ሸራ ሙቀት ይፈጥራል፤ ሙቀቱም ወደ ፍሬን ዘይቱ ይሸጋገራል። ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን የመፍላት ደረጃው ቢያንስ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን፣ እርጥበት ከሳበ በኋላ ግን ዝቅተኛው ደረጃ 155 ዲግሪ ይሆናል። ዘይቱ ሲፈላ በቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎት ስለሚታመቅም ፔዳሉ ያለ ውጤት ወደ ታች ይወርዳል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ እንደሚወስደው ባለ ረጅም ቁልቁለት ላይ ይህ ሲደርስ አሽከርካሪው ተሽከርካሪውን የሚያቆምበት ዕድል እጅግ ይጠባል።

ከገጠማ በኋላ ሊረጋገጡ የሚገባቸው

አየር ከመስመሩ ሙሉ በሙሉ ሊወጣ ይገባል። ፔዳሉ ለአንድ ደቂቃ ተረግጦ ሲቆይ መስመጥ የለበትም፤ ማያያዣዎቹም ደረቅ መሆን አለባቸው። ጎማው ከመሬት ተነሥቶ በእጅ ሲዞር በነጻነት መሽከርከር አለበት። ቀጥሎም ተሽከርካሪው ከትራፊክ ነጻ በሆነ ስፍራ በዝቅተኛ ፍጥነት ይፈተሻል። ከአጭር ጉዞ በኋላ አንዱ ጎማ ከሌሎቹ በጉልህ ከጋለ ሥራው አልተጠናቀቀም ማለት ነው።

ባለንብረቶች የተለወጠውን አሮጌ ዕቃ ከአዲሱ ጋር አመሳክረው እንዲረከቡ፣ ባለሙያዎችም የማይገጥመውን ክፍል ከማስገደድ ይልቅ እንዲመልሱ ይመከራል። ዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራ ማለፍ ከምርመራው በኋላ የተገጠመውን ክፍል ደኅንነት አያረጋግጥም።