አባ ታጠቅ፣ አባ ዳኘው፣ አባ ቃኘው

በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን ከነገሡት ሁለቱ፣ ዙፋን ከመያዛቸው በፊት ስማቸው ካሳ ነበር፤ የቋራው ካሳ ኃይሉ ዐፄ ቴዎድሮስ፣ የትግራዩ ካሳ ምርጫ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ሆኑ። የዘመኑን ታሪክ የሚያወጋ ሽማግሌ ግን ካሳ ከካሳ አይደባለቅበትም። «አባ ታጠቅ» ካለ የቋራውን፣ «አባ በዝብዝ» ካለ የትግራዩን ማለቱ ነው።

ይህ የፈረስ ስም ነው። ጦረኛው ለሚቀመጥበት ፈረስ ስም ይወጣለታል፤ «አባ» ሲታከልበት የጌታው መጠሪያ ይሆናል፣ የዚያ ፈረስ ባለቤት እንደ ማለት። ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ መኮንን አባ ቃኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ልጅ ኢያሱ አባ ጤና፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ አባ ጠቅል ነበሩ። አሽከር ጌታውን በወላጅ ባወጣው ስም እንዲሁ ደፍሮ አይጠራም፤ በፈረሱ ስም ግን ይፎክርበታል፣ «የአባ ዳኘው አሽከር!» እያለ ደረቱን ይነፋበታል።

እኔን ከሁሉ የሚማርከኝ የስሞቹ አነጋገር ነው። ታጠቅ፣ በዝብዝ፣ ጠቅል፣ ዳኘው፣ ቃኘው፤ ሁሉም ትእዛዝ ናቸው። ሕፃን ሲወለድ የሚወጣለት ስም የወላጆቹን ነገር ይናገራል። ምትኩ ከሞተ ልጅ በኋላ የመጣ ነው፣ ማስረሻ የቤቱን ሐዘን እንዲያስረሳ የታሰበ ነው። ልጁ ራሱ በስሙ ውስጥ ገና የለበትም። የፈረስ ስም ግን የጎለመሰ ሰው ሊሆን ያሰበውን በአደባባይ የሚያስነግርበት ነው። አንዱ «በዝብዝ» ሲል ሌላው «ዳኘው» ማለቱን ሳይ፣ ስለ ሥልጣን ያላቸውን ሐሳብ በአንዳንድ ቃል የነገሩን ይመስለኛል። ሁሉም ግን ትእዛዝ አይደለም። የጦር ሚኒስትሩ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ አባ መላ ተብለዋል፤ በብልሃታቸውና በምክራቸው ለታወቁት ሰው ከዚህ የሚስማማ ስም አይገኝም።

ልማዱ የአማራና የትግራይ መኳንንት ብቻ አልነበረም። በጊቤ አካባቢ በነበሩት የኦሮሞ መንግሥታት እንዲያውም የፈረስ ስም የትውልዱን ስም ከነጭራሹ ሸፍኖታል። የጅማው አባ ጅፋርም ሆኑ የሊሙው አባ ባጊቦ ለታሪክ የቀሩት በፈረሶቻቸው ስም ነው፤ ጅማ ጅሬን ላይ ያለውንም ቤተ መንግሥት ሰው የሚያውቀው የአባ ጅፋር ብሎ ነው።

ፈረስ ከጦር ሜዳ ሲወጣ ስሙ ግን አልወጣም። ራስ መኮንን በ1898 ዓ.ም. አረፉ። ልጃቸው ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ ለዘመተው ሻለቃ ቃኘው የሚለውን የአባታቸውን ፈረስ ስም ሰጡት። አስመራ የነበረው የአሜሪካ የመገናኛ ጣቢያም በዚሁ ስም ተጠራ። የመቀሌ አውሮፕላን ማረፊያ ደግሞ ዛሬም አሉላ አባ ነጋ ይባላል።

ከራስ መኮንን ዕረፍት እስከ ኮሪያው ዘመቻ ባለው ዘመን መካከል የጣሊያን ወረራ መጣ። ጎጃም ውስጥ፣ የቤተ መንግሥት ሹመት ሳይጠብቁ ባላገሩን አስከትለው ከተዋጉት አርበኞች አንዱ በላይ ዘለቀ ነበሩ። እሳቸውም እንደ ነገሥታቱ የፈረስ ስም ነበራቸው፤ አባ ኮስትር።