በአሮጌ የእጅ ስልክ ላይ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ፕሮግራሞችን ስለ ማሠራት

በየመሳቢያው ተጥሎ የሚገኝ አሮጌ የእጅ ስልክ በባልንጀሮቻችን ዘንድ ብዙ ነው። ስልኩ ሳይሰበር፥ አዳዲስ ፕሮግራሞችን አልቀበል ስላለ ብቻ እንደ ሞተ ይቈጠራል። በዚህ ጽሑፍ ለመግለጽ የምንሞክረው፥ እንዲህ ያለው መሣሪያ ለጠረጴዛ ኮምፒዩተር የተዘጋጁትን የሊኑክስ ፕሮግራሞች እንዲሠራ ማድረግ እንዴት እንደሚቻልና ነገሩ የት ላይ እንደሚቆም ነው። ለምሳሌ የመረጥነው ኖኪያ ኤን900 የተባለውን ስልክ ነው፤ የነገሩ መልካምነትም ችግርም በርሱ ላይ ጎልቶ ይታያልና።

ይህ ስልክ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2009 መጨረሻ ነው። የፕሮሰሰሩ ፍጥነት 600 ሜጋኸርዝ፥ ሚሞሪው 256 ሜጋባይት ሲኾን፥ ከውስጥ ማከማቻው 768 ሜጋባይት ተከፍሎ ሚሞሪ ሲያንስ እንዲተካ ተደርጓል። የዛሬ ተማሪ በዚህ ቍጥር ይስቅ ይኾናል። ነገር ግን ማይሞ 5 የተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ የተሠራው ከደቢያን ሊኑክስ ስለ ኾነ፥ ሙሉውን ደቢያን በላዩ ማስቀመጥ ባዕድ ነገር አልኾነም። ሥራውንም ያቀለለው ተጠቃሚዎች ያዘጋጁት ኢዚ ደቢያን የተባለው ጥቅል ነው።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። ደቢያን ከነፎልደሮቹና ከነፕሮግራሞቹ በአንድ ትልቅ ፋይል ውስጥ ይቀመጣል። ፋይሉ ራሱን እንደ ቻለ ዲስክ ኾኖ ከተከፈተ በኋላ፥ ሲኤች ሩት በሚባለው ትእዛዝ አንድ ፕሮግራም «ከእንግዲህ የፎልደሮች ኹሉ መነሻ ይህ ነው» ይባላል። ትእዛዙ አዲስ አይደለም፤ በ1979 በወጣው በሰባተኛው የዩኒክስ እትም ውስጥ ነበር። ፕሮግራሙም በዚያ ክልል ውስጥ ኾኖ ዙሪያውን ሲመለከት የሚያየው ደቢያንን ብቻ ነው።

ልብ ሊባል የሚገባው ግን ኹለተኛ ከርነል አለመኖሩ ነው። ከርነል ማለት በፕሮግራሞችና በመሣሪያው አካል መካከል ቆሞ ሚሞሪውንና የፕሮሰሰሩን ጊዜ የሚያድለው ክፍል ነው። ኹለት ቤተ ሰብ በአንድ ምድጃ እንደሚያበስል ኹሉ፥ የስልኩም የደቢያንም ፕሮግራሞች የሚጠቀሙት በዚያው በስልኩ ከርነል ነው። ስለዚህ ፍጥነት አይባክንም። ስክሪኑንም እንዲሁ ይጋሩታል፤ ማይሞ መስኮት የሚስለው እንደ ማንኛውም የጊዜው ሊኑክስ በኤክስ 11 ስለ ነበረ፥ የደቢያን ፕሮግራም መስኮቱን በቀጥታ በስልኩ ስክሪን ላይ ይከፍታል። በአንድሮይድ ስልኮች ከርነሉ ሊኑክስ ቢኾንም የስክሪኑ ሥርዓት ሌላ ነው፤ መስኮቱን የሚያሳይ ተጨማሪ ፕሮግራም ማስገባት ግድ ይኾናል።

በተግባር ስንሞክረው ያስቸገረን ግን የፕሮሰሰሩ ዝግታ አይደለም። ጽሑፍ ማዘጋጃው እስኪከፈት መጠበቅ አለ፤ ይህን ትዕግሥት ይችለዋል። ያስቸገረን የስክሪኑ ቁመት ነው። ስክሪኑ 800 በ480 ነጥብ ሲኾን፥ ለጠረጴዛ ኮምፒዩተር የተሠሩት መጠይቆች ብዙውን ጊዜ ከ480 ነጥብ ይረዝማሉ። ስለዚህ «እሺ» የሚለው ቍልፍ ከስክሪኑ በታች ይቀራል። ሥራውን ጨርሶ እሺ ማለት አለመቻል እንዴት እንደሚያናድድ የደረሰበት ያውቀዋል! መድኃኒቱ የፊደሉን መጠን ማሳነስ ነው። ፊደሉ ባነሰ ቍጥር ግን የግዕዝ ፊደል ይጎዳል፤ የላቲኑ በሚነበብበት መጠን ሐመሩ ሐ ከብዙኃኑ ኀ ጋር ይምታታል። ስለዚህ መጠይቁን አሳንሰን፥ የምንጽፈውን ገጽ ግን በ16 ነጥብ ፊደል እንጽፋለን። የአማርኛው ፊደል ራሱ አላስቸገረንም፤ ከ1999 ጀምሮ በዩኒኮድ ስለሚገኝ፥ አቢሲኒካ የተባለውን ፎንት ከደቢያን ማከማቻ ማስገባት ብቻ በቂ ነው።

አኹን ወደ ዋናው ነገር እንድረስ። በሲኤች ሩት ውስጥ አሮጌውን ደቢያን በአዲስ ለመተካት የሚሞክር ሰው «ከርነሉ እጅግ አርጅቷል» የሚል አንድ መስመር አይቶ ይመለሳል። ምክንያቱ ይህ ነው። ጥቂት ሲቀር የደቢያን ፕሮግራሞች ኹሉ ከከርነሉ ጋር የሚነጋገሩት ጂ ሊብ ሲ በሚባል የጋራ ላይብረሪ በኩል ነው። በ2016 የወጣው የላይብረሪው 2.24ኛ እትም ኤአርኤም በሚባሉት ፕሮሰሰሮች ላይ ቢያንስ የሊኑክስ ከርነል 3.2ን ይጠይቃል፤ በ2017 የወጣውም ደቢያን 9 ይህንኑ ላይብረሪ ይዟል። የማይሞ 5 ከርነል ግን 2.6.28 ነው። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ይባላል፤ በዚህ ጉዳይ ግን ጉልቻው ካልተለወጠ ድስቱም አይጣድም። ከደቢያን 9 በፊት ለነበሩት እትሞች ደግሞ ማኅበሩ የሚሰጠው የጥበቃ እርማት በ2020 አብቅቷል። ስለዚህ በነርሱ ላይ ጽሑፍ መጻፍ ይቻላል፤ የባንክ ሒሳብ መክፈት ግን አይገባም ባዮች ነን።

ከርነሉን መለወጥ ለምን ከበደ? የስልክ አካላት፥ ማለትም የምስል ቺፑ፥ የሬዲዮው ክፍልና ካሜራው፥ እያንዳንዳቸው የሚያዛቸውን ድራይቨር ይፈልጋሉ። አምራቹ ድራይቨሩን ለአንድ ከርነል ብቻ አዘጋጅቶ ምንጩን ከሸሸገ፥ ስልኩ ከዚያ ከርነል ጋር ይታሰራል። እንግዲህ የስልክን ዕድሜ የሚወስነው ከብረቱ ይልቅ የድራይቨሩ ምንጭ ነው። ኤን900 ከብዙዎቹ የተሻለ ዕድል ገጥሞታል፤ የአብዛኛው አካሉ ድራይቨር በዋናው የሊኑክስ ከርነል ውስጥ ገብቷል፤ የምስል ቺፑ ጉዳይ ግን ብዙ አስቸግሯል።

በዚህ መንገድ የሚሠሩ ኹለት ሥራዎችን መጥቀስ ይበቃናል። ፖስትማርኬት ኦኤስ በ2017 የተጀመረ ሲኾን፥ አልፓይን በተባለው ትንሽ ሊኑክስ ላይ ተመሥርቶ አንድ ስልክ ዐሥር ዓመት እንዲያገለግል ያልማል። ማይሞ ሌስቴ ደግሞ የቀድሞውን የማይሞ መልክ በዴቩዋን ላይ መልሶ ያቆማል። ኹለቱም ምድጃውን ራሱን ስለሚለውጡ ሲኤች ሩት አያስፈልጋቸውም። እኛም ከመጀመራችን በፊት ያደረግነው የመጀመሪያ ነገር ባትሪውን በእጃችን አውጥተን በአዲስ መተካት ነበር፤ የጀርባው ክዳን ያለ መፍቻ ይከፈታል።