የኢንተርኔት ትምህርትና የጥርስ ሐኪም እጅ



ዛሬ የምንመለከተው፥ የጥርስ ሕክምናን የመሰለ የእጅ ሙያ በኢንተርኔት ሊማሩት ይቻላልን? የሚለውን ጥያቄ ነው። ነገሩ ተማሪዎችን ብቻ ሳይሆን፥ ነገ ጥርሱን ታሞ ከሐኪም ወንበር ላይ የሚቀመጠውን ሰው ሁሉ ይመለከታል።

ጥያቄው በሰፊው የተነሣው በ2012 ዓመተ ምሕረት ነው። መጋቢት 2 ቀን የዓለም የጤና ድርጅት ኮቪድ 19 ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ መሆኑን ካስታወቀ በኋላ፥ በብዙ አገሮች የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። የጥርስ መሰርሰሪያ በደቂቃ ከ300 ሺህ ጊዜ በላይ ሊሽከረከር ይችላል፤ ጥርሱ እንዳይግልም ውሃ ይረጫል፤ ውሃውም ከምራቅ ጋራ ተቀላቅሎ እንደ ጉም በክፍሉ ውስጥ ይበተናል። በዚህም ምክንያት ትምህርቱ በኢንተርኔት እንዲቀጥል ተደረገ።

ስለዚሁ ዘዴ ተማሪዎችና መምህራን በየአገሩ ተጠይቀዋል። ተማሪዎች ካመሰገኑት ነገር አንዱ፥ ያልገባቸውን ትምህርት ደጋግመው ለመስማት መቻላቸው ነው። ቀድሞ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተጋፍተው የሚያዩትንም ጥቃቅን ሥራ ካሜራው አጕልቶ ለሁሉም እኩል ያሳያል። መምህራን ግን የተማሪውን ፊት ስለማያዩ፥ ትምህርቱ መግባቱን ለማወቅ ተቸገሩ።

ከሁሉ የበለጠው የሁለቱም ወገን ሥጋት የእጅ ልምምድ መጓደል ነው። ተማሪ ወደ ሕመምተኛ ከመቅረቡ በፊት፥ በሰው ራስ አምሳል በተሠራ ቅርጽ ላይ በተተከሉ የፕላስቲክ ጥርሶች ይለማመዳል። የጥርስ ውጫዊ ሽፋን ከሰውነታችን ክፍል ሁሉ የጠነከረ ቢሆንም፥ ውፍረቱ ከ3 ሚሊሜትር አይበልጥም፤ አንድ ጊዜ ከተሰረሰረም ተመልሶ አይበቅልም። መሰርሰሪያው ከጠንካራው ሽፋን አልፎ ወደ ለስላሳው ክፍል መግባቱን የሚያስታውቀው የሐኪሙ ጣት ነው። ይህንም ስሜት ከመስታወት ላይ በማየት ማግኘት አይቻልም።

እርግጥ ነው፥ በአምስተርዳም የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤት ተሳትፎ የተሠራውን ሲሞዶንት የመሰሉ መሣሪያዎች የጥርስን ጥንካሬ ለእጅ እንዲሰማ ያደርጋሉ። ነገር ግን ዋጋቸው ከፍ ያለ በመሆኑ ከትምህርት ቤት እንጂ ከተማሪው ቤት አይገኙም።

እንግዲህ ከሰማ ያየ ይበልጣል ቢባልም፥ ለጥርስ ሐኪም ማየትም አይበቃውም። የቃሉን ትምህርት ኢንተርኔት ቢይዘው መልካም ነው፤ በዚህ የተረፈው ሰዓት ግን መምህሩ ከተማሪው አጠገብ ቆሞ እጁን ለሚያርምበት ልምምድ መዋል አለበት። ለትምህርት ቤቶች ዕቅድና በጀት የሚያዘጋጁ ሁሉ፥ ኮምፒዩተር ሲገዙ የልምምዱን ክፍል እንዳይረሱ ይገባል፤ የዚህ ስሕተት ዕዳ የሚከፈለው በሕመምተኛው ጥርስ ነውና።