ሩብና ሲሶ በነጥብ ሲጻፉ

እኩል፣ ሲሶ፣ ሩብ የማያውቅ ገበሬ የለም። ፊደል ሳይቆጥርም እህሉን ሲያካፍል ኖሯል። ዛሬ ግን ከእንጦጦ ድንችና ሽንኩርት ይዞ ወደ ቀበና የሚወርድ ሰው በቁጥር የሚያበራ ሚዛን ይገጥመዋል። ሚዛኑ «ሩብ» አይልም፤ «0.25» ይላል። ይህን ማንበብ ያልቻለ ሰው በሌላው ቃል ብቻ ያድራል።

ታዲያ ሩብ እንዴት 0.25 ሆነ? ዘዴው አንድ ነው፤ የላይኛውን ቁጥር ለታችኛው ማካፈል። ሩብ 1/4 ነው። 1 ለ4 አይደርስም። ስለዚህ 0 ጻፉና ነጥብ አድርጉ፤ 1ዱን 10 አድርጉት። 10 ለ4 ሲካፈል 2 ደርሶ 2 ይተርፋል። የተረፈውን 20 አድርጉት። 20 ለ4 ሲካፈል 5 ይደርሳል፤ የሚተርፍ የለም። መልሱ 0.25 ነው።

በብር አመሳክሩት። 1 ብር 100 ሳንቲም ነው። ስሙኒ 25 ሳንቲም፣ የብር ሩብ ነው፤ 0.25 ብር። ኩንታልም 100 ኪሎ ስለሆነ 0.25 ኩንታል 25 ኪሎ ነው።

ልብ በሉ! 25 ከ5 ስለሚበልጥ 0.25 ከ0.5 ይበልጣል እንዳትሉ። 0.5 ማለት 0.50፣ ግማሽ ነው። ሽንኩርት ኪሎው 60 ብር ቢሆን 0.5 ኪሎ 30 ብር፣ 0.25 ኪሎ ግን 15 ብር ያወጣል።

ሲሶ አስቸጋሪ ነው። 1 ለ3 ሲካፈል ሁልጊዜ 3 እየደረሰ 1 ይተርፋል፤ 0.333 እያለ ማለቂያ የለውም። የገጠር መሬት አዋጅ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ከመውጣቱ በፊት ብዙ ጭሰኛ ምርቱን ለባለመሬቱ በሲሶ፣ በእርቦ ወይም በእኩል ያካፍል ነበር። ጭሰኝነት በአዋጁ ቀረ። በስምምነት በሲሶ ወይም በእኩል ማረስ ግን ዛሬም አለ። ስለዚህ ሒሳቡ ያስፈልጋል። ምርቱ 10 ኩንታል፣ ማለትም 1000 ኪሎ ቢሆን፣ «ሲሶ 0.33 ነው» ብሎ የሚቆርጥ ሰው 330 ኪሎ ይሰጣል። ትክክለኛው ሲሶ 333 ኪሎ ከሲሶ ነው። ከ3 ኪሎ በላይ ጎደለ ማለት ነው! ስለዚህ ሲሶ ስታካፍሉ መጀመሪያ ኪሎውን ሁሉ ለ3 አካፍሉ፤ ነጥቡን በመጨረሻ ቁረጡ።

መልመጃ፦ 3/4 እና 1/5 በነጥብ ሲጻፉ ስንት ይሆናሉ? ሠርታችሁ ስትጨርሱ ከጎረቤት ጋር አስተያዩ። 0.75 እና 0.2 ካገኛችሁ ሚዛኑን ያለ አንባቢ ማንበብ ጀምራችኋል።