የሚኤሶ ሐዲድና ጠጋኞቹ

መቻራ ከተማ ባቡር ገብቶ አያውቅም። የመቻራ ሰው ባቡር ለመሳፈር ቢያስብ መጀመሪያ ጭሮ መድረስ፣ ከዚያም ቁልቁለቱን ወደ ሚኤሶ ቆላ መውረድ ነበረበት። የጨርጨር ተራራ የሚለየው ግን መንገደኛን ብቻ አይደለም፤ ውሃንም ነው። መቻራ የዘነበው ወደ ዋቢ ሸበሌ ይሄዳል። በተራራው ሰሜን በኩል የዘነበው ወደ አዋሽ ተፋሰስ ሲወርድ ሚኤሶና አሰቦት አካባቢ ሐዲድ ይጠብቀዋል። ጎርፍና ሐዲድ ሲገናኙ የሚጠሩት የሐዲድ ጥገና ሠራተኞች ናቸው። ስለ ምድር ባቡራችን ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ንጉሡ፣ ስለ መሐንዲሶቹ፣ ስለ ለገሀር ሕንፃ። እነዚህን ሰዎች ግን ከነመኖራቸው የረሳናቸው ይመስለኛል።

የመስመሩን ታሪክ አንባቢ ስለሚያውቀው በአጭሩ ልለፈው። አፄ ምኒልክ ፈቃዱን ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1895 ድሬዳዋ፣ በ1909 ደግሞ አዲስ አበባ ገባ። ርዝመቱ 780 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ሁለቱ ሐዲዶች የሚራራቁት 1 ሜትር ብቻ ሲሆን፣ ብረቱም አንዱ ሜትር ከ20 እስከ 30 ኪሎ የሚመዝን ቀጭን ነበር። እንዲህ ያለው ሐዲድ ለመዘርጋት ርካሽ ነው፤ ለመጠበቅ ግን ፋታ አይሰጥም።

አንደኛው ጠላቱ ፀሐይ ነው። 10 ሜትር የሚረዝም ሐዲድ ሙቀቱ በ40 ዲግሪ ሲጨምር 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ስለዚህ በሁለት ሐዲዶች መገጣጠሚያ ላይ ትንሽ ክፍተት ይተዋል፤ መገጣጠሚያውም በጎንና በጎን ባሉ የብረት ሳንቃዎች ታቅፎ በብሎን ይታሰራል። የድሮ ባቡር ተሳፋሪ የሚያስታውሰው ያ ምት የጎማው ድምፅ ብቻ አይደለም፤ ጎማው ክፍተቱን ሲረግጥ የሚያሰማው ነው። ብሎኑ ከመጠን በላይ ከጠበቀ ወይም ክፍተቱ ከተደፈነ የቆላ ቀትር ሐዲዱን ወደ ጎን ያጎብጠዋል። ከላላ ደግሞ የሐዲዱ ጫፍ በጎማ እየተቀጠቀጠ ይጎዳል። ሠራተኛው መፍቻውን ይዞ በመስመሩ ላይ በእግሩ የሚመላለሰው ለዚሁ ነው።

ዋናው ሥራ ግን ከሐዲዱ ስር ነው። የሠራተኞቹ አለቃ፣ ካቦው፣ ቁጢጥ ይልና አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በሐዲዱ ራስ ላይ አሻግሮ ያያል። ቀጥ ብሎ መሄድ ያለበት ብረት የሆነ ቦታ ላይ ዘቀጥ ብሎ ከታየው በጠመኔ ምልክት ያደርግበታል። ከዚያ ሠራተኞቹ ጠጠሩን በዶማ ይገልጣሉ፣ ሐዲዱን በክሪክ ወይም በዲጂኖ ያነሳሉ፣ ከስሩ አዲስ ጠጠር ይጠቀጥቃሉ። መስመሩን የሠራው የፈረንሳይ ኩባንያ በሐዲዱ ስር አግድም ያነጠፈው እንጨት አልነበረም፤ ብረት ነበር፤ እንጨትን በቆላ ምስጥና ፀሐይ ይጨርሱታልና። ይህ ብረት እንደ ተገለበጠ ገንዳ ከውስጡ ባዶ ስለሆነ ጠጠሩ እስከ ሆዱ ካልሞላ ከላይ የተስተካከለ መስሎ ባቡር ሲያልፍበት ይሰምጣል። ጠጠሩም የወንዝ ድቡልቡል ከሆነ ይንሸራተታል፤ ተሰብሮ ጠርዝ ያወጣው ግን እርስ በርሱ ይያያዛል። በመጨረሻ የሐዲዶቹ ርቀት በመለኪያ ዘንግ፣ ከፍታቸው በውሃ ልክ ይታያል። ኩርባ ላይ የውጭው ሐዲድ ከውስጡ ከፍ ማለት አለበት። ከፍታው ግን የተወሰነ ፍጥነት ብቻ ነው የሚችለው። በጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ ባቡር ከመጠን በላይ ፈጥኖ ኩርባ ላይ ከሐዲድ ወጥቶ ከ400 በላይ ሰው ማለቁን ያ ትውልድ አይረሳውም።

ይህን ሁሉ ጠጠር ማን ያጓጉዛል? እዚህ ላይ ጃፓን ጥሩ ምሳሌ አላት። እ.ኤ.አ. በ1897፣ የእኛው መስመር ከጅቡቲ በተነሳበት ዓመት፣ በታካሳኪና በሺሞኒታ መካከል አንድ የግል የባቡር መስመር ተከፈተ። ዛሬ ጆሺን ይባላል፤ ርዝመቱ 33.7 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 መስመሩን አስፍቶ በኤሌክትሪክ ሲያሠራ ከጀርመኑ ሲመንስ ዴኪ 1 የተባሉ ሎኮሞቲቮች ገዛ። የዕቃ ጭነቱ ሲቀር ሎኮሞቲቮቹን ለብረታ ብረት ነጋዴ አልሸጠም፤ የጥገና ጠጠር ፉርጎ አስጎተታቸው። በረዶማ በሆነው ሰሜን ጃፓን ደግሞ ኮናን የተባለው ትንሽ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1923 አሜሪካ የተሠራ ሎኮሞቲቭ በረዶ ያስጠርገዋል። ነገሩ የቅርስ ፍቅር ብቻ አይመስለኝም። ጥገና ፍጥነት አይፈልግም፤ ቀስ ብሎ የሚጎትት ኃይል ነው የሚፈልገው። ለዚህ አሮጌ ሎኮሞቲቭ ይበቃል፤ ለትንሽ ኩባንያም አዲስ ከመግዛት ይረክሳል።

እኛም አሮጌ ሎኮሞቲቭን እንዲህ ለማሠራት የሚያስችል ቤት ነበረን። የድሬዳዋው የባቡር ወርክሾፕ ሎኮሞቲቭና ፉርጎ እየጠገነ፣ መለዋወጫ እየቀረጸ መስመሩን ለአሥርት ዓመታት አኑሯል። ሐዲዱ ግን ገንዘብም ሰውም እያጣ ሄደ። ሐዲድ ሲታመም መጀመሪያ ባቡሩ ፍጥነት ይቀንሳል፣ ቀጥሎ ከሐዲድ መውጣት ይበዛል፣ ከዚያ ጉዞው ይቀራል። በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የተጀመረው እድሳት ከግብ ሳይደርስ፣ በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ የሚሄደው ባቡር ቆመ። የድሮው ሐዲድም ከፊሉ ተነቅሏል።

መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ መስመርም በሚኤሶ ነው የሚያልፈው። ከሰበታ የተነሳው የቻይና ኩባንያና ወደ ጅቡቲ ድንበር የሄደው ሌላው ኩባንያ ሥራቸውን የተካፈሉት እዚያው ሚኤሶ ላይ ነው። ሐዲዱ ሰፊና ከባድ ቢሆንም የጨርጨር ጎርፍ ያው ጎርፍ፣ የቆላው ፀሐይም ያው ፀሐይ ነው። የቱ ፈፋ ከየት እንደሚሞላ፣ የትኛው አፈር ውሃ ሲጠጣ እንደሚሰምጥ ለዘመናት በእግራቸው ያጠኑ ሰዎች በዚያ መስመር ላይ ኖረዋል። ሚኤሶ ወይም አሰቦት፣ ድሬዳዋም ቢሆን፣ የሐዲድ ሠራተኛ የነበረ አባት ወይም አጎት ያላችሁ አንባቢዎች፣ ስልካችሁን አውጡና የሚያውቁትን ቅዱላቸው። ከሰሙት ወጣት መሐንዲሶች አንዱ እንኳ የጎርፉን ቦታ ቢያውቅ ትርፍ ነው።